«ስንት ነው?» ሳይሆን «ስንት ሴንቲ ነው?»፦ የሪፍ ዓሣ እንዴት ይቆጠራል፣ እንዴትስ ይጠበቃል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ባሕር ውስጥ የገነቡት የድንጋይ ክምር) ላይ ዓሣ ስቆጥር 214 መዝግቤ ወጣሁ። ጀልባው ላይ ገና ማስኬን ሳላወልቅ ሰሌዳዬን ለአሠልጣኜ ዘረጋሁላት። አየችውና «ጎበዝ። ስንት ስንት ሴንቲ ናቸው?» አለችኝ።

ዝም አልኩ። ርዝመት አልጻፍኩም።

«እንግዲያው ምን እንደቆጠርክ አናውቅም» ብላ ሰሌዳውን በላጲስ ጠረገችና መለሰችልኝ። 214 ዓሣ በአንድ ደቂቃ ድራሹ ጠፋ።

ያን ቀን በጣም ተናድጄ ነበር። ዛሬ ግን ሰው «ዓሣ መቁጠር አስተምረኝ» ሲለኝ መጀመሪያ የምነግረው ይህንኑ ነው። 214 ዓሣ ማለት ጣት የሚያካክሉ 214 ሊሆኑ ይችላሉ። ክንድ የሚያካክሉም ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያው የተራቆተ ሪፍ ነው፣ ሁለተኛው ጤነኛ። ቁጥሩ ብቻውን ሁለቱን አይለያቸውም።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ስለ ሴንቲሜትር ነው። ዋና ለምትችሉ፣ አንድ ሪፍ አጠገባችሁ ላለና ከአስጋሪዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ «ይህን ዓሣ ሳንጨርሰው እንዴት እንብላው?» ለምትሉ ነው።

ውኃ ውስጥ ዓይን ይዋሻል

በማስክ መስታወት በኩል ስታዩ ሁሉም ነገር በሲሶ ያህል ተልቆ፣ ቀረብም ብሎ ይታያል። 30 ሴንቲ የሆነው ዓሣ 40 ይመስላል። አስጋሪዎች «ያመለጠኝ ዓሣ» እያሉ እጃቸውን ለምን እንደዚያ እንደሚዘረጉ እንጃ። እኛ ጠላቂዎች ግን ቢያንስ ማመካኛ አለን።

መድኃኒቱ ልምምድ ነው። የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ግዙና ከ7 እስከ 60 ሴንቲ በተለያየ ርዝመት ሃያ ቁራጭ አውጡ። እያንዳንዱ ላይ ፊደል ጻፉበት። ትክክለኛው ርዝመት ሌላ ወረቀት ላይ ይቀመጥ። ጓደኛችሁ ቁራጮቹን ሲባጎ ላይ አሥሮ፣ ድንጋይ አንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ ይዘርጋቸው። እናንተ ሁለት ሦስት ሜትር ራቅ ብላችሁ እየዋኛችሁ ግምታችሁን ጻፉ። ወጥታችሁ አስተያዩ። ግምቱን በየ5 ሴንቲው መመደብ ይበቃል፤ ከ20 እስከ 25፣ ከ25 እስከ 30 እያላችሁ። ማንም ዓይኑን አፍጥጦ 27ን ከ28 አይለይም።

እኔ በመጀመሪያው ዙር ከሃያው ያገኘሁት ስድስቱን ብቻ ነው። ትልልቆቹን አሳንሼ፣ ትንንሾቹን አግንኜ ነበር። በአምስተኛው ዙር አሥራ ሰባት ደረስኩ። እንድቆጥር የተፈቀደልኝም ያኔ ነው። ይህ ደግሞ አንዴ ተምረውት የሚቀር ነገር አይደለም። ሁለት ወር ከውኃ ከራቅሁ ዓይኔ ይዝጋል። የቆጠራ ወቅት በመጣ ቁጥር እንደገና ከቱቦው እጀምራለሁ።

ዓሣው ግን እንደ ቱቦ ቆሞ አይጠብቅም። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ዓሣው ኮራል አጠገብ ሲያልፍ አፍንጫው የደረሰበትን ቦታና ጅራቱ ያለበትን ቦታ በዓይናችሁ ያዙ። ለምሳሌ አፍንጫው ቢጫዋ ስፖንጅ ጋ ነው፣ ጅራቱ ስንጥቁ ጋ። ዓሣው ይሄዳል፣ ስፖንጁና ስንጥቁ ግን አይሄዱም። ጠጋ ብላችሁ በመካከላቸው ያለውን ለኩ። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ይህን ብታደርጉ ዓይናችሁ መንገድ አይስትም። ብዙ ሰው ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ሴንቲሜትር ምልክት አድርጎ ከዓሣው ጋር ያስተያያል። ሰሌዳው እጃችሁ ላይ ነው፣ ዓሣው አራት ሜትር ርቆ። በዚህ መንገድ ዓሣ ሁሉ ጥቃቅን ሆኖ ይመዘገባል።

ስም መማርንም አታካብዱ። ሦስት መቶ ዝርያ ለመሸምደድ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። በሃያ አምስት ጀምሩ። አስጋሪው የሚሸጣቸውን፣ አልጌ የሚበሉትንና ትልልቆቹን አዳኞች ያዙ። አማርኛችን ለእነዚህ ዓሦች ብዙ ስም የለውም። እኔ ግሩፐርንና ስናፐርን፣ ገበያ የሚወዳቸውን ሁለቱን አዳኞች፣ እንዳሉ እጠራቸዋለሁ። ፓሮትፊሽን ግን «በቀቀን ዓሣ» ማለት ደስ ይለኛል፤ ጥርሶቹ ተገጣጥመው እንደ በቀቀን መንቆር ስለሆኑ ስሙ ልክክ ይልበታል።

መስመሩ

ዋናው ዘዴ በጣም ቀላል ነው። ሪፉ ላይ 50 ሜትር ገመድ ይዘረጋል። ከገመዱ ግራና ቀኝ ሁለት ሜትር ተኩል ሁለት ሜትር ተኩል ታስባላችሁ። በዚያ ባለ 5 ሜትር ጎዳና ውስጥ የሚገኘውን ዓሣ ትመዘግባላችሁ። ቨርነን ብሮክ የሚባል ተመራማሪ ሃዋይ ላይ ሠርቶ በ1954 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ካሳተመው ወዲህ ብዙ ማሻሻያ ተደርጎበታል። መሠረቱ ግን ያው ነው። በ1996 የተጀመረው ሪፍ ቼክ የተባለ የሪፍ ቆጠራ ፕሮግራም ደግሞ በጎ ፈቃደኞች እንዲሠሩት አቅልሎታል፤ በ100 ሜትር ገመድ ላይ ባለ 20 ሜትር አራት ክፍሎች፣ በየመሐሉ 5 ሜትር ክፍተት። የትኛውንም ምረጡ፤ ከመረጣችሁ በኋላ ግን አትቀያይሩ።

ገመድ ሲዘረጋ ዓሣ ይበረግጋል። ስለዚህ ወይ ገመዱን ዘርግታችሁ 15 ደቂቃ ያህል ራቅ ብላችሁ ጠብቁ፣ ወይ ቆጣሪው ከፊት ይቅደምና ጓደኛው ከኋላ ገመዱን እየለቀቀ ይከተል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ከፊቴ ያለውን ውኃ ገና ማንም አልነካውም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ቆም ትሉና ከፊታችሁ ያለውን አሥር ሜትር ታያላችሁ። መጀመሪያ ትልልቆቹንና የሚሸሹትን ጻፉ። ግሩፐር ካያችሁ አሁኑኑ ነው፣ ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም። ከዚያ ቀስ እያላችሁ እየዋኛችሁ ቀሪዎቹን። ከኋላችሁ ደርሶ የሚቀድማችሁን ዓሣ አትቁጠሩ። አንዳንዱ ጠላቂን መከተል ይወዳል፤ እግራችሁ አሸዋ ሲያነሳ የሚበላ ነገር አገኛለሁ ብሎ ነው። አንድ ቀን አንዱን ዓሣ አራት ጊዜ መዝግቤው ሊሆን እንደሚችል የገባኝ መስመሩ ካለቀ በኋላ ዞር ስል ነው። አጠገቤ ቆሞ ያየኛል።

መንጋ ሲመጣ አትደንግጡ። አሥሩን ቁጠሩ፤ አሥሩ የያዙት ቦታ ምን ያህል እንደሆነ ልብ በሉ፤ መንጋው እንደዚያ ያለ ስንት ቦታ እንደሚሆን አስቡ። መጀመሪያ ቁጥራቸውን፣ ወዲያው ደግሞ የአብዛኞቹን ርዝመት ጻፉ። እርሳስ ነው የሚሠራው፣ እስክሪብቶ ውኃ ውስጥ አይጽፍም። እርሳሷን ሰሌዳው ላይ በክር እሰሩ፤ ካላሰራችሁ ተንሳፍፋ ወደ ላይ ስትሄድ ታዩዋታላችሁ። እኔ አይቻለሁ።

አንድ መስመር ምንም አይናገርም። ዓሣ እህል አይደለም፣ በእኩል አልተዘራም። አንዱ መስመር ላይ ሁለት መቶ ስናፐር አግኝታችሁ ቀጣዮቹ ሦስቱ ላይ አንድም ላታገኙ ትችላላችሁ። በአንድ ቦታ ቢያንስ አምስት መስመር ሥሩ። ጥልቀቱ፣ የቀኑ ሰዓትና ወቅቱ በየዓመቱ ተመሳሳይ ይሁን። ንጋትና ምሽት ላይ አትቁጠሩ። በዚያ ሰዓት ዓሦች ፈረቃ ይቀያየራሉ፤ የቀኖቹ ይደበቃሉ፣ የሌሊቶቹ ይወጣሉ።

ብቻችሁን አትጥለቁ። የአየር ጋን ከሌላችሁ ጥልቀቱ ሦስት ሜትር በሆነ ሪፍ ላይ በስኖርክል (አፍ ላይ በሚያዝ መተንፈሻ ቱቦ) ብቻ ደህና ሥራ ይሠራል።

ሌላው ትልቅ ነገር መቼ እንደምትጀምሩ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አንድን ሪፍ ከዘጋ ከሦስት ዓመት በኋላ «መዘጋቱ ምን እንዳመጣ ለኩልን» ብሎ ጠራን። ከመዘጋቱ በፊት የተቆጠረ ነገር አለ ወይ ብለን ጠየቅን። የለም። ከተዘጋው ቦታ ውጪስ? የለም። ምን እናድርግ? ዓሣ አለ፣ ጥሩ ነው። ከመዘጋቱ በፊትም እንደዚሁ ይሁን፣ ወይም ቦታው ድሮውንም የተሻለ ስለነበረ ተመርጦ ይሁን ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። ከመዝጋታችሁ በፊት ቁጠሩ። የሚዘጋውንም የማይዘጋውንም ቁጠሩ።

ስለ ፍርሃትም አንድ ነገር ልበል። ዓሣ በጦር በሚወጋበት ሪፍ ላይ ዓሣው ሰው ሲያይ ከሩቁ ይሮጣል። በተጠበቀ ቦታ ያለው ደግሞ መጥቶ ፊታችሁን ያያል። ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት ወረቀት ላይ ከእውነቱ በላይ ሊሰፋ ይችላል። ገንዘብ ካለ ካሜራ ያግዛል። ፍሬም ላይ ታስሮ፣ ከፊቱ አንድ ኪሎ ያህል ቅባታም ዓሣ ማባበያ ተሰቅሎ፣ ለአንድ ሰዓት ታች ይቀመጣል። ያው ዓሣ ሄዶ ሊመለስ ስለሚችል የመጣው ሁሉ አይደመርም። በአንድ ቅጽበት ምስሉ ውስጥ የታየው ትልቁ ቁጥር ብቻ ይወሰዳል። በ58 አገሮች 371 ሪፎች ላይ በዚህ ዓይነት ካሜራ የተሠራ ጥናት በ2020 ሲወጣ፣ ከሪፎቹ ወደ 20 በመቶ በሚጠጉት ላይ አንድም ሻርክ አልታየም።

ከሴንቲ ወደ ኪሎ

አሁን ርዝመቱ ዋጋውን የሚያሳይበት ቦታ ደረስን። የዓሣ ክብደት ከርዝመቱ ጋር እኩል አያድግም። በግምት ርዝመቱ በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ያድጋል። ለየዝርያው የሚባዛበት ቁጥር ፊሽቤዝ በሚባለው የመረጃ ቋት ላይ በነፃ ይገኛል።

በቀላል ቁጥር እንየው። የአንድ ዓሣ ማባዣ 0.02 ነው እንበል። 20 ሴንቲ ከሆነ 20 በ20 በ20 ሲባዛ 8,000 ይመጣል፤ በ0.02 ስታባዙት 160 ግራም። 30 ሴንቲ ከሆነ 27,000 በ0.02፣ 540 ግራም። በርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ የሆነው ዓሣ በክብደት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ። ስሕተትም እንደዚሁ ነው የሚያድገው። ርዝመቱን በ10 በመቶ አብልጣችሁ ከገመታችሁ ክብደቱ በ33 በመቶ ይሳሳታል። የቱቦው ልምምድ ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ?

የመስመሩን ዓሦች ክብደት ደምሩ። 50 በ5 ሜትር 250 ካሬ ሜትር ነው። በ40 ስታባዙት ሄክታር ይሆናል። መስመሩ ላይ 9.5 ኪሎ ካገኛችሁ በሄክታር 380 ኪሎ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ኤክሴል በአንድ ረድፍ ይሠራላችኋል።

380 ጥሩ ነው መጥፎ? በ2015 ከ800 በላይ ሪፎችን ያስተያየ ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። በዚያ መሠረት የማይሰገርበት ሪፍ በሄክታር ወደ 1,000 ኪሎ ይይዛል። 500 አካባቢ ሲሆን ዓሦቹ ለሪፉ የሚሠሩትን ሥራ አብዛኛውን አሁንም ይሠራሉ። የተጎዳ ሪፍ ሙሉ በሙሉ ከተጠበቀ ለማገገም በአማካይ 35 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እነዚህን ቁጥሮች እንደ ሕግ አትያዟቸው። የእናንተ ሪፍ ጭቃማ ዳርቻ ላይ ከሆነ 1,000 ላይ ላይደርስ ይችላል። አቅጣጫ ለማሳየት ግን ይበቃሉ።

ድምሩን ካገኛችሁ በኋላ ውስጡ ማን እንዳለ እዩ። እኔ ቶሎ የምፈልገው በቀቀን ዓሣን ነው። ድንጋይ እየፋቀ አልጌ ይበላል፣ የፈጨውን አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። እሱ ከጠፋ አልጌው ኮራሉን ይቀድመዋል፣ አዲስ ኮራል የሚያርፍበት ንጹሕ ድንጋይ አያገኝም። ከሙቀት የተነሳ ኮራሉ ነጥቶ ከሞተ በኋላ ደግሞ ይህ ነገር የሞትና የሽረት ጉዳይ ነው። ቤሊዝ በ2009 በቀቀን ዓሣን ማስገር ጨርሳ የከለከለችው ለዚህ ነው።

ጀልባው ሲመጣ

ግማሹ ሥራ ያለው ውኃ ውስጥ ሳይሆን ዓሣው በሚራገፍበት ቦታ ነው። ብዙ ሳይንስ የተማረ ሰው ይህን ይንቃል። እኔም ንቄ ነበር።

አንድ ጣውላ ውሰዱ። አንዱ ጫፍ ላይ ቁራጭ እንጨት ምቱበት፣ ከዚያ ጀምሮ ሴንቲሜትር አስምሩ። የዓሣውን አፍንጫ እንጨቱ ላይ አስጠጉ፣ ጅራቱ ጋ አንብቡ። እስከ ጅራቱ ጫፍ ነው የምትለኩት ወይስ ጅራቱ እንደ ሹካ እስከሚከፈልበት? አንዱን ምረጡና ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት። ይህን ሳንጽፍ ቀርተን የስድስት ወር መረጃ ሁለት ሰው በሁለት መንገድ ለክቶት አግኝተናል።

አስጋሪውን አታቁሙት። ዓሣው ፀሐይ ላይ ነው፣ ገዢው እየጠበቀ ነው። ፈቃድ ጠይቁ፣ ሠላሳውን ዓሣ ቶሎ ለኩ፣ አመስግናችሁ ልቀቁት። ትልልቆቹን ብቻ መርጣችሁ አትለኩ፤ ከቅርጫቱ ላይ እንደመጣላችሁ አንሱ። ከተቆጣጣሪ ወይም ከፖሊስ ጋር ደግሞ ፈጽሞ አብራችሁ አትምጡ። አንድ ጊዜ ብቻ አብራችሁ ከታያችሁ ከዚያ በኋላ የሚነገራችሁ ሁሉ ተረት ነው።

ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ስንት ሰው ነበራችሁ? ስንት ሰዓት ቆያችሁ? በምን አሰገራችሁ? ከዚያ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት ስንት ኪሎ እንዳገኘ ታገኛላችሁ። መረብን ከመረብ፣ መንጠቆን ከመንጠቆ ጋር ብቻ አስተያዩ።

አራተኛዋን ጥያቄ ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ አስጋሪ ናቸው። ቁጥራቸውን ለሁለት ዓመት መዝግቤያለሁ። ፍንክች አላለም። «አባባ፣ ዓሣው ደህና ነው እኮ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ የት እንደሄድኩ ጠይቀኸኛል?» አሉ። ድሮ ከመንደሩ ፊት ለፊት ነበር የሚያሰግሩት። አሁን ራሱን ቅርጫት ለመሙላት ሁለት እጥፍ ርቀው ይሄዳሉ። ቅርጫቱ አልጎደለም፤ ሪፉ ነው የጎደለው። አራተኛዋ ጥያቄ እንግዲህ «የት ደረሳችሁ?» ነች።

እንቁላል ለመጣል የሚሰበሰቡ ዓሦችም እንዲሁ ያታልላሉ። የናሶ ግሩፐር በካሪቢያን በቀዝቃዛዎቹ ወራት ጨረቃ ስትሞላ ከየአቅጣጫው መጥቶ አንድ ቦታ ላይ በሺህ ይሰበሰባል። ቦታውን ያወቀ አስጋሪ እስከ መጨረሻው ቀን ጀልባውን ሞልቶ ይመለሳል። በኬይማን ደሴቶች፣ ሊትል ኬይማን ዳርቻ ላይ በ2001 ወደ 7,000 የሚጠጉ ዓሦች የተሰበሰቡበት ቦታ ተገኘ። በሁለት ወቅት ብቻ 4,000 ያህሉ ተያዙ። በ2003 ቦታው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በዓመታት ትዕግሥት ቁጥራቸው ከሦስት እጥፍ በላይ አድጓል።

የለካችሁትን በርዝመት ደርድሩና በግራፍ አስቀምጡት። ከዚያ ዝርያው ለመራባት የሚደርስበት ርዝመት ላይ አንድ መስመር አስምሩ፤ እኛ «የጋብቻ መስመር» እንለዋለን። ከመስመሩ በታች ያለው ዓሣ አንድ ጊዜም ሳይወልድ የተያዘ ነው። ከተያዘው ግማሹ ከመስመሩ በታች ከሆነ ሌላ ጥናት አያስፈልጋችሁም። ራይነር ፍሮዘ የተባለው ተመራማሪ በ2004 ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ ብሎ ነበር፦ ከመያዛቸው በፊት ወልደዋል? በጥሩ ርዝመታቸው ነው የተያዙት? ትልልቆቹ እናቶች ተርፈዋል?

ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። 61 ሴንቲ የሆነች አንዲት ቀይ ስናፐር፣ 42 ሴንቲ የሆኑ 212 እናቶች በአንድነት የሚጥሉትን ያህል እንቁላል ትጥላለች። «ትንሹን ልቀቅ፣ ትልቁን ያዝ» የሚለው ደንብ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። ብዙ ግሩፐሮችና በቀቀን ዓሦች ደግሞ ሴት ሆነው ጀምረው ሲያድጉ ወንድ ይሆናሉ። ትልቅ ትልቁን ስትለቅሙ ወንዶቹን ነው የምትለቅሙት። ከላይም ከታችም ወሰን ይኑር፤ መሐሉ ይበላ።

ስብሰባው

መረጃ ሰብስቦ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ የተለመደ በሽታ ነው። ዘዴው ውሳኔውን ከቁጥሩ በፊት መወሰን ነው። ከመቁጠራችሁ በፊት ከአስጋሪዎቹ ጋር ተቀመጡና «በሄክታር ከ300 ኪሎ በታች ከወረደ ይህን እናደርጋለን፣ ከጋብቻ መስመር በታች የተያዘው ከሲሶ ካለፈ ያንን እናደርጋለን» ብላችሁ ጻፉ። ሁሉም ይፈርም። ቁጥሩ ከመጣ በኋላ ከሆነ ክርክሩ አያልቅም፤ የሚጎዳው ሰው ቁጥሩን ራሱ ይክዳል። ልክ ነው፣ እኔም ብሆን እክዳለሁ።

ምን ምን ይደረጋል? በእኔ ልምድ ብዙ ጥቅም በትንሽ ጠብ የሚያመጣው የመሣሪያ ለውጥ ነው። የመረቡን ዓይን ማስፋት። ሌሊት በባትሪ ጦር ይዞ መጥለቅን መከልከል፤ በቀቀን ዓሣ ሌሊት ስንጥቅ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚወጋው፣ ያ ማስገር ሳይሆን መልቀም ነው። ወጥመድ ከሆነ ጥግ ላይ ጠባብና ረጅም ቀዳዳ መተው። ኬንያ ውስጥ ይህ ተሞክሯል፤ ትንንሾቹና ቀጫጭኖቹ፣ ገበያ የማይፈልጋቸው ዓሦች ሾልከው ይወጣሉ፣ የሚሸጠው ይቀራል።

ቦታ መዝጋት ከሁሉም ይበልጥ ይሠራል፣ ከሁሉም ይበልጥም ያጣላል። በፊሊፒንስ ሱሚሎን ደሴት ላይ አንድ የሪፍ ክፍል በ1974 ተዘጋ። አስጋሪዎቹ በቀረው ክፍል ማስገር ቀጠሉ። በ1984 ጥበቃው ፈርሶ ሁሉም ቦታ ተከፈተ። ማስገሪያው ሰፋ፣ ምርቱ ግን ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ሰዎች «ቦታችንን ወሰዳችሁብን» ሲሉኝ ይህን እነግራቸዋለሁ። ዘግተን ያስቀመጥነው ቦታ ውጪ ያለውን ይመግብ ነበር።

ስፋቱን እንደ ዓሣው ወስኑ። የተዘጋው ቦታ ዓሣው በየቀኑ ከሚዘዋወርበት ቢያንስ ሁለት እጥፍ ይሁን። ለትናንሾቹ ጥቂት መቶ ሜትር ይበቃል። ግሩፐር ከሆነ በኪሎ ሜትር አስቡ።

ለጥቂት ወር ዘግቶ መክፈት የሚሠራው ቶሎ ለሚያድግ ነገር ነው። ማዳጋስካር ውስጥ የአንዳቫዶዋካ ሰዎች ከ2004 ጀምሮ ኦክቶፐስ የሚያዝበትን ቦታ ለጥቂት ወራት እየዘጉ ይከፍታሉ። ኦክቶፐስ በጥቂት ወር ውስጥ በጣም ስለሚያድግ ያዋጣቸዋል። ግሩፐርን ግን እንዲህ ብታደርጉት አምስት ዓመት የቆጠባችሁትን በአንድ ቅዳሜ ትጨርሱታላችሁ።

ድንበሩን ሰው በዓይኑ በሚያየው ነገር ምልክት አድርጉ። አንድ ቦታ ላይ ካርታ የሠሩ ባለሙያዎች ድንበሩን በጂፒኤስ ነጥብ ብቻ አስቀመጡት። ተንሳፋፊ ምልክቶቹ በሦስት ወር ውስጥ ተቆርጠው አለቁ፤ አስጋሪዎቹ ደግሞ ጂፒኤስ የላቸውም። ተቀጡ። «ምን አጠፋን?» ሲሉ እውነታቸውን ነበር። ኋላ ላይ ድንበሩ «ከሁለቱ ድንጋዮች እስከ ዘንባባው» ተባለና ነገሩ በረደ።

ውጤቱን መልሳችሁ ስታሳዩ ሦስት ግራፍ ይበቃል፤ በሄክታር ስንት ኪሎ፣ በሰዓት ስንት ኪሎ፣ ከጋብቻ መስመር በታች ስንቱ። እኔ ደግሞ ሲባጎ አድላለሁ። አንድ ቋጠሮ ለስናፐር፣ ሌላው ለግሩፐር፣ ከዚህ ያጠረውን መልስ ማለት ነው። ወረቀት ይረጥባል፣ ሲባጎ ኪስ ውስጥ ይከርማል።

ባለፈው የቆጠራ ወቅት ስመለስ ሽማግሌው ሲባጎዬን ጥለውት ነበር። በምትኩ የጀልባቸው ጠርዝ ላይ ሁለት መስመር በቢላ ፍቀዋል። ከቅርጫታቸው አንድ ስናፐር አነሱና «ስንት ነው?» አሉኝ። እኔ ለዓመታት ውኃ ውስጥ እየቀነስኩ መገመት የለመድኩ ሰው ነኝ። «26» አልኩ።

ጠርዙ ላይ አጋደሙት። 34።

«ልጄ፣ አንተ እንኳ ከውኃው ባትወጣ ይሻልሃል» አሉና ዓሣውን ወደ ቅርጫቱ መለሱት።